ዋንጫው በማን ሜዳ ይሁን?

ከሰሞኑ በአራዳ ሻይ ቤቶችም ሆነ በግቢያችን ዛፎች ሥር የሚሰማው ክርክር አንድ ሆኗል። ይኸውም የታችኛው ሊግ ክለቦች የሚካፈሉበት የዋንጫ ጨዋታ በምን ዓይነት ሥርዓት ይካሔድ የሚለው ነው። ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን የአንድ ቡድን ደጋፊዎች፣ አንድ ዓይነት ሻርፕ በአንገታቸው የጠመጠሙ ወንድማማቾች፣ በዚህ ምክንያት ለሁለት ተከፍለው በየጠረጴዛቸው ተኮራርፈው ሲቀመጡ እያየን ነው።

አንደኛው ወገን «ክለቦቹ ሁሉ በአንድ ከተማ ይሰብሰቡ፤ በምድብ ተከፋፍለው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጨርሱት» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ዕጣ ይውጣ፤ ዕጣ የደረሰው ክለብ በገዛ ሜዳው ያስተናግድ፤ የተሸነፈው ይሰናበት» ባይ ነው። እኛ ከሁለተኛው ወገን ነን። ይህን ከመነሻው መናገራችን አንባቢ በኋላ «አድበስብሰው አለፉ» እንዳይለን ነው።

መሰብሰብ የሚባለው ነገር ከየት እንደ መጣ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታ ተቋርጦ ያ ዓመት ያለ አሸናፊ ቀረ። በ2013 ዓ.ም. ውድድሩ እንደገና ሲጀመር ክለቦቹ በየከተማቸው መጫወታቸው ቀርቶ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተሰበሰቡ እንዲጫወቱ ተደረገ። የቴሌቪዥኑም ውል ከዚሁ ጋር ገባ። ከፍተኛ ሊጉም እንደ ታላቅ ወንድሙ በምድብ ተከፋፍሎ በተመረጡ ከተሞች ይካሔድ ጀመር። በዘመነ ወረርሽኝ ይህ መደረጉ ተገቢ ነበር፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ለበሽታ የተሠራው መድኃኒት በሽታው ካለፈ በኋላም የዘወትር ምግብ ሆኖ እንዲቀጥል የሚፈልጉ ሰዎች አሉ።

በዚያው በ2013 ዓ.ም. ምን እንደ ሆነ የጎንደር ሰው አይረሳውም። ፋሲል ከነማ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉ አሸናፊ ሆነ። ከተማው ጨፈረ፤ ከፒያሳ እስከ አዘዞ የመኪናው ጥሩምባ አላስተኛም። ሆኖም ያን ዓመት በፋሲለደስ ስታዲየም አንድም የሊግ ጨዋታ አልተደረገም። አፄዎቹ እያልን የምንጠራቸው ልጆች አፄዎቹ ከተማ ባቆረቆሩበት ምድር አንድ ጊዜ እንኳ ሳይታዩ ነገሡ። ሕዝቡ ድሉን ያየው በዲኤስቲቪ ቤት፣ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ ነው። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ የተጫወቱበት ሣር ግን የሌላ ከተማ ነበር።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ ፋሲል የኢትዮጵያን ዋንጫ አንሥቶ በአፍሪካ የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ከታንዛኒያው አዛም ጋር ተገናኝቶ ነበር። የሜዳችን ጨዋታ የተባለው በባሕር ዳር ተደረገ። ፋሲል 1 ለ 0 አሸነፈ፤ በዳሬሰላም 3 ለ 1 ተሸንፎ ወደቀ። ባሕር ዳር ጎረቤታችንና ወንድማችን ነው፤ ቢሆንም ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከቅዳሜ ገበያ ሥራውን ዘግቶ፣ ለመሳፈሪያና ለማደሪያ ከፍሎ የሚሔድ ሰው ስንት ነው?

እዚህ ላይ «ሥርዓቱ ምንም ይሁን ምን ጎበዝ ቡድን ያሸንፋል» ለሚሉን ወንድሞች ሁለት ነገር እናስታውሳቸዋለን። የመጀመሪያው ራሱ የፋሲል ነው። በመስከረም 2014 ዓ.ም. በአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር በባሕር ዳር 2 ለ 2፣ በኦምዱርማን 1 ለ 1 ተለያየ። በሁለቱም ጨዋታ አልተሸነፈም፤ ከውድድሩ ግን ተሰናበተ። ለምን ቢሉ ከሜዳ ውጭ የገባ ግብ ይበልጣል የሚለው ሕግ ፈረደበት። የአውሮፓው ማኅበር ይህንኑ ሕግ የሻረው ከጥቂት ወራት በፊት ነበር። ሁለተኛው ከዚያ የራቀ ነው። በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ሲደረግ የተመዘገቡት አራት አገሮች ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎዋ ምክንያት ተባረረች፤ ከእሷ ጋር የተመደበችው ኢትዮጵያም አንድ ኳስ ሳትመታ ለፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን። እንግዲህ ሥርዓት ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ያደርሳል፤ ያለ ሽንፈትም ያሰናብታል። ስለዚህ ሥርዓቱን ማን ያወጣዋል፣ ለማንስ ብሎ ያወጣዋል ብሎ መጠየቅ የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም።

የተሰብሳቢው ወገን ክርክር ባዶ እንዳልሆነ እናውቃለን። ዋነኛው ምክንያታቸው ሰላም ነው። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በየሜዳው ከኳስ ይልቅ ድንጋይ ሲወረወር፣ የአማራና የትግራይ ክለቦች በገለልተኛ ሜዳ እስከ መጫወት ሲደርሱ አይተናል። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ መቀሌ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ከሊጉ ወጡ፤ በ13 ክለብ ተጀምሮ በ13 ክለብ አለቀ። ከዚያም በኋላ በክልላችን የመንገዱ ነገር ሁልጊዜ የሚያስተማምን አልሆነም። ይህን ክዶ የሚጽፍ ሰው አራዳን አያውቃትም። መንገድ የማያስኬድ ሲሆን ዕጣው ወደ ቀረበው ሰላማዊ ከተማ ይዛወር፤ በዚህ አንከራከርም። የምንከራከረው ለአንዳንድ ከተማና ለአንዳንድ ወቅት የሚሆነው ጥንቃቄ ለአገሩ ሁሉ፣ ለዘወትር ሕግ ይሁን ሲባል ነው። ደጋፊ ሁሉ እንደ ወንጀለኛ ተቆጥሮ ኳሱ ሊሸሸግበት አይገባም።

ሁለተኛው ምክንያታቸው ገንዘብ ነው። «የታችኛው ሊግ ክለብ ድሀ ነው፤ ከከተማ ከተማ የሚዞርበት የለውም» ይላሉ። በዚህ ላይ በግልጽ እንለያያለን። አንድ ክለብ በአንድ ከተማ ሁለት ሳምንት ሲቀመጥ ተጫዋቹ፣ አሠልጣኙ፣ ወጌሻው፣ ሾፌሩ ሁሉ አልጋና ሦስት ጊዜ ምግብ ይፈልጋል። የሚጫወተው ግን በሦስት ወይም በአራት ቀን አንዴ ነው፤ የቀረውን ጊዜ በሆቴል በረንዳ ላይ ካርታ ይጫወታል። በጥሎ ማለፍ ግን ግማሹ ክለብ ከቤቱ አይወጣም። ሌላው ግማሽ አንድ ሌሊት አድሮ ይመለሳል። የተሸነፈውም ወጪው በዚያው ያበቃል። ከዚህም በላይ በገለልተኛ ከተማ የሚደረገውን ጨዋታ የሚያየው ማነው? ሁለቱም ቡድኖች እንግዶች ስለሆኑ ሰዉ ለማንም አይጮህም፤ በሩም የሚሰበስበው ገንዘብ የለም። በከተማው ቢጫወት ግን የበሩ ገቢ አለ። ቆሎ የምትሸጠው እናት፣ ባጃጅ ነጂው፣ ሻርፕ አንጥልጥሎ የሚዞረው ልጅ፣ ሁሉም ከዚያች ቀን የየድርሻቸውን ያገኛሉ።

የፋሲለደስ ስታዲየም ከሚያውቃቸው የቆዩ ደጋፊዎች አንዱን ሽማግሌ «ጋሼ፣ እርስዎ የየትኛው ወገን ነዎት?» ብለን ጠይቀን ነበር። «እናንተ ልጆች ስለ ምድብና ስለ ዕጣ ትጨቃጨቃላችሁ» አሉን። «እኔ የምፈልገው በእግሬ ሔጄ የማየውን ነው።» ዳሽን ቢራ በ2008 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ሲወርድ፣ በዚያው ዓመት ፋሲል ሲያድግ፣ እሳቸው ሁለቱንም በእግራቸው ሔደው አይተዋል። ዳሽን ከዚያ በኋላ ፈረሰ። ቡድን ሲፈርስ የሚያለቅስለት በእግሩ ሔዶ ያየው ሰው ነው። በቴሌቪዥን ያየው ሰውማ ቻናሉን ይለውጣል።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። ስለ ማንቸስተርና ስለ አርሰናል ከቡድኑ አሠልጣኝ በላይ የሚያውቀው የአራዳ ልጅ ስለ እንግሊዝ ትንንሽ ክለቦች እምብዛም አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ2016 የሦስተኛውና የአራተኛው እርከን ክለቦች ብቻ ይጫወቱበት በነበረው የኢ.ኤፍ.ኤል. ትሮፊ ላይ የትልልቅ ክለቦች 16 የወጣት ቡድኖች እንዲገቡ ተፈቀደ፤ በአራት በአራትም ተመድበው እንዲጀምሩ ተደረገ። ማንቸስተር ዩናይትድን፣ ሊቨርፑልንና አርሰናልን የመሳሰሉት በዚያ ዓመት አንገባም ሲሉ፣ የትንንሾቹ ክለቦች ደጋፊዎች ደግሞ «ዋንጫችንን የሌላ ሰው ልጅ መለማመጃ አታድርጉብን» ብለው ከሜዳ ቀሩ። ሆኖም ሥርዓቱን የሚደግፍም አልጠፋም፤ ትሮፊው ለትንሽ ክለብ የዌምብሌን በር ይከፍታል ይላል። በእርግጥም እ.ኤ.አ. በ2019 ፖርትስመዝና ሰንደርላንድ ለፍጻሜ ሲገናኙ 85,021 ሰው ገብቶ ነበር። በእኛ አስተያየት ይህ ቁጥር የሚመሰክረው ለምድቡ አይደለም። ያ ሁሉ ሰው የሔደው የገዛ ከተማውን ቡድን ሊያይ ነው እንጂ የማንንም የወጣት ቡድን ሊያይ አልነበረም።

ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረን የኤክሰተር ሲቲ ነገር ነው። ክለቡ ከሊጉ ወርዶ፣ በዕዳ ተይዞ፣ ደጋፊዎቹ ራሳቸው ገዝተውት ሳለ እ.ኤ.አ. በጥር 2005 በኤፍ.ኤ. ካፕ ዕጣ ማንቸስተር ዩናይትድ ደረሰው። በኦልድ ትራፎርድ ከ67 ሺህ በላይ ተመልካች ፊት 0 ለ 0 ወጣ። በዚያ ዘመን አቻ የወጣ በድጋሚ ይጫወት ስለ ነበር ዩናይትድ ወደ ኤክሰተር ትንሽ ሜዳ መጣ። 2 ለ 0 አሸንፎ ቢመለስም ከሁለቱ ጨዋታዎች የተገኘው ገንዘብ ክለቡን ከዕዳው አወጣው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ግን ድጋሚ ጨዋታ ከዋናው ውድድር የመጀመሪያ ዙር ጀምሮ መቅረቱ ተነገረ። የትንንሾቹ ክለቦች ቁጣ «ማን ጠየቀን?» የሚል ነበር። የኛም ጥያቄ ከዚህ አይርቅም።

በአገራችን ከዚህ ዓይነቱ የዋንጫ ፍሬ የቀመሰ አለ። የ2009ን የኢትዮጵያ ዋንጫ ያነሣው ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት ጥሎ አልፏል። ዛማሌክን የሚያህል ክለብ በድቻ ሲሰናበት ማን ገመተ? የዋንጫ ጨዋታ ጣዕሙ ይህ ነው። በምድብ ሲሆን ትልቁ ክለብ አንድ ጨዋታ ቢሸነፍ በሚቀጥለው ያካክሳል፤ ሒሳቡ እየዋለ እያደረ ወደ ትልቁ ያደላል። በጥሎ ማለፍ ግን አንድ ቀን አንድ ቀን ነው።

ዋንጫ የሚለው ቃል በእኛ አገር ከኳስ በፊት የነበረ ነው፤ ጠጅ የሚጠጣበት ቀንድ ነበር። የጽዋ ማኅበር ያለው ሰው ደግሞ ነገሩን ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። ጽዋው በወር በወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ተራው ሲደርስ ድሀውም እንደ አቅሙ ጠላውን ጠምቆ፣ ዳቦውን ደፍቶ ማኅበርተኛውን ይቀበላል። «ያንተ ቤት ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ለሁልጊዜው በባለ ፎቁ ቤት እንጠጣ» ቢባል ያ ማኅበር በዓመቱ ይፈርሳል። እኛ የምንለው ለታችኛው ሊግ ክለብ ይህ ተራ አይነፈገው ነው።

ስለዚህ አሳባችን እንዲህ ነው። ዕጣው በሕዝብ ፊት ይውጣ። የታችኛው ሊግ ክለብ ከበላዩ ካለው ክለብ ጋር ሲገናኝ ጨዋታው ያለ ዕጣ በታችኛው ክለብ ሜዳ ይሁን። ደርሶ መልስ አያስፈልግም፤ አቻ ቢወጡ በዚያው ቀን በመለያ ምት ይለይ። ሜዳው ለደረጃው የማይበቃ ቢሆን ወይም ሰላም ባይኖር በአቅራቢያው ያለ ከተማ ይተካው፤ የበሩ ገቢ ግን ለሁለቱ ክለቦች እኩል ይከፈል። የዳኞቹን አበል ፌዴሬሽኑ ይቻል። ሕጉን ከመለወጡም በፊት ከየክለቡ የደጋፊ ማኅበር ሰው ጠርቶ ይስማ። የአጥርና የመልበሻ ክፍል ውሃ ጉዳይ የየከተማው አስተዳደር ነው፤ በዚህ በኩል የኛም ከተማ ብዙ ይቀረዋል።

ይህን ጽሑፍ የሚቃወም ወንድም ወይም እኅት ቢኖር የሚቀጥለው ዕትም ገጽ ክፍት ነው። ነገር ግን ስንመጣ በባዶ እጅ አንምጣ፤ የተሰብሳቢው ወገን የሁለት ሳምንቱን የሆቴል ሒሳብ ከነደረሰኙ አስልቶ ያቅርብ፤ እኛም የአውቶቡሱን እናቀርባለን።