ቀኖቹን ሳያዩ አያጽድቁ

ሌሊት የሒሳብ መዝገብ ቅጂ የሚይዘው፣ የወር ደመወዝ የሚያሰላው፣ ለደንበኛ የክፍያ ማስታወሻ የሚልከው ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ክሮን በሚባለው የዩኒክስ መሣሪያ ነው። ትእዛዙ አንድ መስመር ሲሆን አምስት ቦታዎች አሉት፦ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር፣ የሳምንቱ ቀን። ኮከብ ምልክት «ሁሉም» ማለት ነው። የሚያሰጋው ክሮን ሐሳቡ የተሳሳተውን መስመር ከትክክለኛው ሳይለይ መቀበሉ ነው። ስለዚህ የትኛውም መሥሪያ ቤት መስመሩን ብቻ አይቶ ማጽደቅ የለበትም። ሥራው የሚነሣባቸው ቀጣይ ቀኖችና ሰዓቶች በአገራችን አቆጣጠር ይዘርዘሩና የሥራው ባለቤት ይፈርምባቸው።

«0 0 13 * 5» ሲነበብ 13ኛው ቀን ዓርብ ሲውል ብቻ የሚሠራ ይመስላል። በተለመደው ክሮን ግን በየወሩ 13ኛው ቀንም በየዓርቡም ይነሣል፤ ሁለቱ የቀን ቦታዎች ከተሞሉ የአንዱ መገጠም ይበቃዋልና። «* 2 * * *» ደግሞ በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ 60 ጊዜ ይሠራል።

እኛ ዘንድ ችግሩ ይብሳል። «ቅጂው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይያዝ» የተባለ ባለሙያ በሰዓቱ ቦታ 8 ብሎ ቢጽፍ፣ ክሮን ሰዓትን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሚቆጥር በኢትዮጵያ ሰዓት በተሞላ ሰርቨር ሥራው የሚነሣው ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቢሮ ሲከፈት ነው፤ ብዙዎቹ እንደሚሞሉት በግሪንዊች ሰዓት ከሆነ ደግሞ ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ። ትክክለኛው ቁጥር በመጀመሪያው 2፣ በሁለተኛው 23 ነበር። ወሮቹም የፈረንጅ ናቸው። የበጀት ዓመቱ የሚከፈትበት ሐምሌ 1 በዘመናችን ምንጊዜም ጁላይ 8 ስለሚውል በአንድ መስመር ይያዛል፤ መስከረም 1 ግን ሴፕቴምበር 11 ይውልና ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ወደ 12 ይሻገራል። እንዲህ ያለውን ሥራ ክሮን በየቀኑ ያስነሣው፤ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያጣራው ፕሮግራሙ ራሱ ይሁን።

መስመሩን ወደ ሰው ቋንቋ የሚፈቱ መሣሪያዎች ስላሉ ይህ ትርፍ ድካም ነው የሚል ይኖራል። መሣሪያዎቹ ጠቃሚ ናቸው፤ የሚፈቱት ግን የተጻፈውን እንጂ የታሰበውን አይደለም፤ ሰርቨሩ በየትኛው ሰዓት እንደተሞላም አያዩም። በዚያ ላይ ሕጉ በየሥርዓቱ ይለያያል፦ በጃቫ ዓለም የታወቀው ኳርትዝ ከሰከንድ ይጀምራል፤ እሑድንም 1 ብሎ ስለሚቆጥር በክሮን ዓርብ የሆነው 5 እዚያ ሐሙስ ነው። ሥራ ይጓተታል ለሚሉትም፣ ዝርዝሩን ማውጣት የደቂቃዎች ጉዳይ ሲሆን ሁለቴ የተከፈለ ደመወዝ ማስመለስ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ዝርዝሩ የሚቀጥሉትን ሦስት ቀናት ብቻ ካሳየ ግን አይበቃም፤ የወር መጨረሻን፣ ፌብሩዋሪን፣ ጳጉሜንንና 6 ቀን ካላት ጳጉሜን በኋላ የሚመጣውን መስከረም ማካተት አለበት።