ዓሣውን ማን ቆጠረው?

ባሕር ውስጥ ያለን ዓሣ መቁጠር እንደ በግ በበር እያሳለፉ መቁጠር አይደለም። ታዲያ መንግሥታት «ዘንድሮ ይህን ያህል ቶን አጥምዱ» የሚሉት ምን ይዘው ነው? ቁጥሩ በአብዛኛው ከሁለት ምንጭ ይመጣል። አንደኛው የጥናት መርከብ ነው፤ በየዓመቱ በዕጣ በወጡ ቦታዎች መረቡን ጥሎ የያዘውን ይመዝናል፣ የዓሣውን ዕድሜ ይመረምራል። ሁለተኛው የነጋዴ መርከቦች መዝገብ ነው፤ መረቡ ለአንድ ሰዓት ሲጎተት ምን ያህል እንደወጣ ይነግራል። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩስ የቱ ይታመን? የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ለዚህ ጥያቄ ከባድ ዋጋ ከፍላለች።

እ.ኤ.አ. በ1968 ከዚያ ባሕር ኮድ የተባለው ዓሣ ከ800,000 ቶን በላይ ወጣ፤ አብዛኛውን የወሰዱት የውጭ አገር መርከቦች ነበሩ። በ1977 ካናዳ የባሕር ክልሏን እስከ 200 ማይል አሰፋች። በ1980ዎቹ የራሷ ትላልቅ መርከቦች በየሰዓቱ የሚያወጡት ስላልቀነሰ ዓሣው በዝቷል ተባለ። ነገሩ ግን ሌላ ነበር። እያለቀ የሄደው ዓሣ በጥቂት ቦታ ተሰብስቦ ነበር፤ መርከቦቹም በድምፅ ሞገድ እየፈለጉ እዚያው ይደርሱበታል። ጎተራው እየጎደለ፣ ቁናው ግን ሙሉ ይወጣ ነበር።

በአንጻሩ ወጥመዱን ባሕሩ ዳር ዘርግቶ ዓሣው እስኪመጣለት የሚጠብቀው ትንሹ አጥማጅ፣ የሚይዘው ማነሱንም ዓሣው መቀጨጩንም አይቶ ጮኸ። ሰሚ አላገኘም። ቆይቶ ሳይንቲስቶቹም ግምታቸው የተጋነነ እንደነበር አመኑና የ1989 ኮታ ወደ 125,000 ቶን እንዲወርድ መከሩ። መንግሥት ግን 235,000 ቶን ፈቀደ። ፋብሪካ ይዘጋል፣ ሥራ ፈት ይበዛል ተብሎ ተፈርቶ ነው።

የተፈራው ግን አልቀረም። ጁላይ 2 ቀን 1992 የዓሣ ሀብት ሚኒስትሩ ጆን ክሮዝቢ ማጥመዱ እንዲቆም አዘዙ። ወደ 30,000 ሰዎች ሥራቸውን አጡ። ብዙዎች እንጀራ ፍለጋ ከአባቶቻቸው መንደር ተነቀሉ፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለስደተኛ አይነገረውም። ከአዋጁ አንድ ቀን በፊት የተቆጡ ሰዎች ሲከቧቸው፣ ሚኒስትሩ ዓሣውን ከውሃ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም ብለው ነበር። እውነት ነው፣ መረብ አልጣሉም። መረቡን ያስጣለው ግን በመንግሥት የተፈቀደው ኮታ ነው።

ለሁለት ዓመት የተባለው እገዳ 32 ዓመት ቆየ። በ2024 ሲነሳ የተፈቀደው 18,000 ቶን ብቻ ነው። ያም ቢሆን ዓሣው በድንገት ስለተራባ ሳይሆን፣ ሳይንቲስቶቹ በ2023 ስሌታቸውን ከልሰው የአደጋውን መለኪያ ስለለወጡ ነው።

እንግዲህ ባሕር ያለው አገር ሁሉ የጥናት መርከቡን በየዓመቱ ይላክ፤ የትንሹን አጥማጅ ቃልም ከመዝገቡ ጎን ያስፍር። ሁለቱ ሲለያዩ ደስ የሚያሰኘውን ቁጥር አይምረጥ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።