ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ኃይቅ

ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲኬድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምትገኘው ከተማ ስሟ አንድ ነው፣ አጻጻፏ ግን ብዙ። አንዱ «ሐይቅ» ይላል፣ ሌላው «ሀይቅ»፣ ሦስተኛው «ኃይቅ»። ጎረቤቷም ያው ናት፤ ለአንዱ «አምባሰል»፣ ለሌላው «አንባሰል»። ሰው ሲያነበው ግራ አይጋባም። ኮምፒውተር ግን ሦስት ከተማና ሁለት ወረዳ ቆጥሮ ቁጭ ይላል።

ነገሩ ታፔላ ላይ ቢቀር ቀልድ ነበር። ሐይቅ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ተሁለደሬ ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ነው። መድን ማለት ከምንም በፊት መዝገብ ነው፦ ቤተሰቡ ማነው? አባላቱ እነማን ናቸው? የዘንድሮው መዋጮ ተከፍሏል ወይ?

እንበልና በወሎ የተለመደ ስም ያለው ሰው «ሰይድ ሐሰን» ተብሎ ተመዘገበ። በሰ ወይም በሠ፣ በሀ፣ በሐ፣ በኀ፣ በሃ፣ በሓ ወይም በኃ ሊጻፍ ይችላል። ይህ ብቻ ሲባዛ 24 አጻጻፍ ይወጣዋል። የመዘገበው ሠራተኛ በአንዱ ጽፎ፣ መስኮቱ ላይ ያለው በሌላው ቢፈልግ መልሱ «አልተገኘም» ነው። መዋጮውን የከፈለ ሰው ከታመመ ልጁ ጋር ቆሞ «ስምህ የለም» ይባላል። በሽታው ሳያንስ ለስሙ ምስክር ፍለጋ ይሄዳል።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆን መሣሪያ ግን አለ፤ ያውም በነጻ። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ12ኛው ስሪቱ፣ አጻጻፋቸው የተለያየ ቃላትን እንደ እኩል እንዲቆጥር ማዘዝ ተችሏል። በ2023 የወጣው 16ኛው ስሪት ዴቨሎፐሩ የራሱን ደንብ እንዲጽፍ ፈቀደ፤ «ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ናቸው» ብሎ ማሳወቅ ይቻላል። በመስከረም 2025 የወጣው 18ኛው ደግሞ ይኸው ደንብ በስም ቁራጭ ለመፈለግ በሚያገለግለው «ላይክ» ትዕዛዝም እንዲሠራ አደረገ። መዝገቡ የሰውየውን ስም እሱ እንደጻፈው ይይዛል፤ ፍለጋው ብቻ ልዩነቱን ያልፈዋል። ፍጥነት በመጠኑ ይቀንሳል፣ ይህ እውነት ነው። ለአንድ ወረዳ መዝገብ ግን የሚያሳስብ አይደለም።

ጥያቄው ይህን ለዴቨሎፐሩ ማን ነገረው የሚለው ነው።

ብዙው ባለሙያ ዳታቤዝ የተማረው ዩኒቨርሲቲ ሳለ በአንድ ሴሚስተር ነው። ከዚያ በኋላ የሚያውቀው ያኔ የተማረውን ነው። ዳታቤዙ ግን አይጠብቀውም፤ ፖስትግሬስ በየዓመቱ አዲስ ዋና ስሪት ያወጣል፣ እያንዳንዱንም የሚደግፈው 5 ዓመት ያህል ነው። ማይኤስኪውኤልን እንይ። «ዕድሜ ከዜሮ በታች አይሁን» የሚል የማረጋገጫ ደንብ ሲጻፍለት ለዓመታት ያለ ምንም ስህተት ይቀበልና ዝም ብሎ ይተወው ነበር። ደንቡን በትክክል ማስከበር የጀመረው በ2019 በወጣው 8.0.16 ስሪት ነው። ከዚያ በፊት የተማረ ሰው ወይ ደንቡ የሚሠራ እየመሰለው ተዘናግቷል፣ ወይ እንደማይሠራ አውቆ እስከ ዛሬ ትቶታል። ሁለቱንም የሚያስተካክለው ሥልጠና ነው።

አገሪቱ ሥልጠና አልጠላችም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ በኢንተርኔት በነጻ ያስተምራል፣ ሰርተፍኬትም ይሰጣል። ለጀማሪ ትልቅ በር ነው። ግን በር ነው። ዛሬ የመሥሪያ ቤት መዝገብ እየሠራ ያለው ዴቨሎፐር ጀማሪ አይደለም። እሱን የሚያስፈልገው «ዳታቤዝ ምንድን ነው» ሳይሆን «እጅህ ላይ ያለው ዳታቤዝ አምና ያልቻለውን ዘንድሮ ምን ይችላል» የሚል ትምህርት ነው። ስለ ሰልጣኝ ቁጥር እንጂ ስለዚህኛው ሲወራ ብዙም አይሰማም።

«ፊደሉን በፕሮግራሜ አስተካክለዋለሁ፣ ዳታቤዙን ምን አመጣው?» የሚል ባለሙያ አይጠፋም። ሲታይ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን አንዱ መዝገብ ውስጥ የሞባይል መተግበሪያውም፣ የቢሮው ፕሮግራምም፣ ከኤክሴል የሚጫነውም ይጽፋሉ። እያንዳንዱ የራሱ ማስተካከያ ካለው አንድ እውነት በሦስት ቅጂ ይኖራል። በሁለት ቅጂ የተጻፈ ነገር ምን እንደሚያመጣ ደግሞ አምባሰል ከማንም በላይ ታውቃለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው አንድ፣ በጣሊያንኛው ሌላ ሆኖ አድዋ ድረስ አድርሷል። ደንብ መዝገቡ ባለበት አንድ ቦታ ይጻፍ።

ጥንቃቄም ይፈልጋል። ስም ተመሳሰለ ማለት ሰውየው አንድ ነው ማለት አይደለም፤ በአንድ ቀበሌ ስንት ሰይድ ሐሰን አለ። ስለዚህ ስም መፈለጊያ እንጂ መለያ መሆን የለበትም። መለያው ቁጥር ነው፤ የመድኑ ቁጥር ወይም ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥር። የቤተሰቡ ሠንጠረዥና የአባላቱ ሠንጠረዥ የሚገናኙትም በዚሁ ዓይነት ቁጥር ነው። አዲሱን መሣሪያ ያለዚህ መሠረት ማስተማር አዲስ ስህተት ማስተማር ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ አለው። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ የዞኑንና የወረዳዎቹን ባለሙያዎች ጠርቶ ለሁለት ቀን ማስቀመጥ ይችላል። ፖስትግሬስም መመሪያውም አንዴ ከወረዱ በላፕቶፕ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ሰልጣኙ ከራሱ ቢሮ አንድ የሚያስቸግር ሠንጠረዥ፣ የሰዎቹ ስም በሌላ ስም ተተክቶ፣ ይዞ ይምጣ። በአማርኛ ይማር፣ የራሱን ችግር ፈትቶ ይሂድ። ቢሮውም ሲመለስ የተማረውን እንዲተገብር ጊዜ ይስጠው፤ አለዚያ ሥልጠናው አበል ከመሰብሰብ አያልፍም።

ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል ይባላል። መዝገብም እንደዚያው ነው። የሥልጠናው ውጤት ከወር በኋላ ይለካ፤ ሰርተፍኬት በመቁጠር ሳይሆን ሐይቅ ላይ መስኮቱ ጋ በመሄድ። «ሠይድ ሀሰን» ተብሎ ሲፈለግ «ሰይድ ሐሰን» ተብሎ የተመዘገበው አባት ከነቤተሰቡ ከወጣ፣ ሥልጠናው ሠርቷል።