ያልተከፈለበት መስኮት

ዛሬ ስለ ኮምፒውተር ላወራችሁ ነው። «የመጋቢ ሚስት ከኮምፒውተር ጋር ምን አላት?» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት፤ ጉዳዩ የቤታችን ነው፣ ምናልባትም የቤታችሁ።

የመጀመሪያ ልጃችን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ኮምፒውተር ግዙልኝ እያለ ሲወተውተን ከረመና አቅማችንን ሲያይ ራሱ ሊገጣጥም ተነሣ። ያገለገለ ማዘርቦርድ ከነፕሮሰሰሩ ከመርካቶ አገኘ፤ ኬዙን አጎቱ ሰጠው፤ ራሙንና ሃርድ ዲስኩን እያጠራቀመ ገዛ። ፓወር ሰፕላዩ ግን አዲስ ይሁን ብዬ የከፈልኩት እኔ ነኝ። እዚህ ሽሮ ሜዳ መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ። አንድ ማታ በምግብ ጠረጴዛችን ላይ ፋኑ ሲዞር ሁላችንም አጨበጨብን።

ዊንዶውሱን አንድ የሰፈር ሱቅ በጥቂት ብር ጫነለት። ማን ይጠይቃል?

የጠየቀን ስክሪኑ ነው። ከታች በቀኝ ጥግ «አክቲቬት አድርጉ» የሚል ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ ወጣ። ምን ማለት እንደሆነ ልጄን ስጠይቀው፣ «አልተከፈለበትም ማለት ነው፤ አታስቢ እማዬ፣ በክራክ አጠፋዋለሁ» አለኝ። ዝም አልኩ። በእኅቶች ጉባኤ ላይ ቆሜ የዘማሪዎቻችንን ሲዲ እየገለበጡ ማደል ስርቆት ነው ብዬ ያስተማርኩ ሴት ዝም አልኩ! በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 «ሥራ» ብሎ ከሚዘረዝራቸው ውስጥ ሙዚቃም የኮምፒውተር ፕሮግራምም አሉ።

ክራኩ እንዲሠራ ደግሞ መጀመሪያ ፀረ ቫይረሱን ማጥፋት ነበረበት። ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ለማያውቁት ሰው መክፈት በሉት። በሳምንቱ ባለቤቴ የስብከት ማስታወሻውን በፍላሽ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቢሮ ወሰደ፤ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ተገኙ። የቢሮውም ኮምፒውተር ተያዘ፣ ምስኪኗ ጸሐፊ ሦስት ቀን ስትለፋበት ሰነበተች።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ማጣራት የጀመርኩት። ከፋብሪካ ተገጣጥሞ የሚመጣ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ የዊንዶውሱ ዋጋ በውስጡ አለ። በቤት የሚገጣጠመው ግን ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ያለው ቤት ነው፤ ፈቃዱ ለብቻው ይገዛል። ፈቃዱም ሁለት ዓይነት ነው። ለገጣጣሚዎች የሚሸጠው ከማዘርቦርዱ ጋር ይታሰራል፤ ማዘርቦርዱ ከሞተ አብሮ ይሞታል። ለተጠቃሚ የሚሸጠው ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሊዛወር ይችላል። ልጃችሁ እንደ እኔው ልጅ ዕቃ መቀያየር የሚወድ ከሆነ ሁለተኛው ይሻላችኋል። የዊንዶውስ 11 የቤት ዓይነት በአሜሪካ ዋጋ 139 ዶላር ተብሎ ወጥቷል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዶላር የት እንደደረሰ ደግሞ አልነግራችሁም። በዚህም አያበቃም። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ 11ዱ ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ የኛ አሮጌ ማዘርቦርድ የለውም። ስለዚህ መክፈል ብንፈልግ እንኳ መጀመሪያ ማዘርቦርዱንና ፕሮሰሰሩን መቀየር ነው!

ማታ በቤተሰብ ተቀመጥን። ባለቤቴ «ማይክሮሶፍት በእኛ ብር አይደኸይም» ሲል ቀለደ። ልጁ ቀና ብሎ፣ «አባዬ፣ ያንተ ፓወር ግዕዝስ ተገዝቶ ነው?» አለው።

ቤቱ ጸጥ አለ። ያንን ፕሮግራም ደግሞ ያገራችን ሰዎች ናቸው የሠሩት፤ ባለቤቴ የዓመታት ስብከቱን የጻፈው ከጓደኛ በተገለበጠ ቅጂ ነው።

በዚያው ሳምንት ሃርድ ዲስኩን አጽድተን ኡቡንቱን ጫንን። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ የሚታደል ነው፤ መሥራቹ ደቡብ አፍሪካዊ ነው፤ በአማርኛ ይጽፋል፣ ለልጁ ትምህርትም በቅቶታል። ችግሩ የባለቤቴ ነው። በድሮው ፎንት የተጻፉት ስብከቶቹ እዚያ ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የባዕድ ፊደል ሆነው ይወጣሉ። ደግነቱ ብዙዎቹ በወረቀት ታትመው ተቀምጠዋል። አሁን ከእራት በኋላ እኔ አነባለሁ፣ እርሱ በሁለት ጣቱ ይጽፋል። እስከ ትናንት ማታ አሥራ አንዱን ጨርሰናል። በመካከል «ይህን እኔ ነኝ የሰበክኩት?» እያለ አንዳንዱን ይሰርዘዋል።