«የፖሊስ ሪፖርቱን ይዘው ይምጡ» ሲባሉ

የመኪናዎ መስታወት ተሰብሮ ዕቃ ተሰረቀ እንበል። ፖሊስ ጠሩ፤ መጥቶ ጠየቀዎት፤ ጽፎ ሲጨርስ ቁጥር ያለባት ትንሽ ካርድ ሰጥቶዎት ሄደ። ከሳምንታት በኋላ ኢንሹራንሱ «የፖሊስ ሪፖርቱን ይላኩልን» ይላል። ወይም አንዲት እህት በቤቷ ውስጥ በደረሰባት ጥቃት ምክንያት ፍርድ ቤት ልትቀርብ ነው። «ያን ሌሊት ፖሊስ መጥቶ ነበር» ስትል ጠበቃዋ «ሪፖርቱስ የታለ?» ይላታል። ማንነቱ ተሰርቆ በስሙ ብድር የተወሰደበት ሰውም ከባንኩ የሚሰማው ይህንኑ ነው።

ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እንቆማለን። በገዛ እግር ፖሊስ ጣቢያ መሄድን ከአገር ቤት ጀምሮ አልለመድነውም። «ስሜ ተመዝግቦ ሌላ ጣጣ ያመጣብኝ ይሆን?» የሚል ስጋት አለ። ቋንቋው አለ፤ ከሥራ መቅረቱም አለ። ነገ ዛሬ ሲባል ጊዜው ያልፍና ካሳውም ማስረጃውም ይቀራል። እውነቱ ግን በአሜሪካ የፖሊስ ሪፖርት መጠየቅ እንደ ውለታ የሚለመን ነገር አለመሆኑ ነው። ሕግ የሰጠው መብት ነው፤ የሚፈልገውም ትንሽ ዝግጅት ብቻ ነው።

አሠራሩ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ ለዛሬ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን ሲያትልን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሕጉ ምን ይላል?

የዋሽንግተን ስቴት የሕዝብ መዝገቦች ሕግ መነሻው በ1972 ሕዝቡ ራሱ በድምፁ ያጸደቀው ሕግ ነው። ለእኛ የሚጠቅሙን ነጥቦች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር «ለምን ፈለጉት?» ተብለው አይጠየቁም። ዜግነትም የመኖሪያ ፈቃድም መስፈርት አይደለም። ሁለተኛ፣ መሥሪያ ቤቱ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። መልስ ሲባል ግን ሰነዱን ማስረከብ ብቻ አይደለም፤ «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ እስከዚህ ቀን ድረስ እናዘጋጃለን» ማለትም መልስ ነው። ሦስተኛ፣ ከከለከለ የከለከለበትን የሕግ አንቀጽ ጠቅሶ በጽሑፍ መናገር ይኖርበታል። «አይሆንም» ብሎ ብቻ መሸኘት አይችልም።

የትኛውን ወረቀት ነው የሚፈልጉት?

ብዙ ሰው የሚጉላላው የተሳሳተ ቢሮ ጋ በመሄዱ ነው። «የፖሊስ ወረቀት» የምንለው ነገር ብዙ ዓይነት ነው።

ስርቆት፣ ድብደባ፣ ዛቻ ወይም የቤት ውስጥ ጥቃት ከሆነ ፖሊሱ የጻፈው ሪፖርት የሚጠየቀው ከሲያትል ፖሊስ መምሪያ ነው። የመኪና ግጭት ከሆነ ግን በስቴቱ የግጭት ሪፖርቶች የሚሰበሰቡትና የሚሰጡት በዋሽንግተን ስቴት ፓትሮል ነው። ወደ 911 የደወሉበት የድምፅ ቅጂ ደግሞ ሌላ ነው። በሲያትል የ911 ጥሪ ማዕከል በ2021 ከፖሊስ ወጥቶ ራሱን ወደ ቻለ የከተማ መምሪያ ስለተዛወረ የስልኩን ቅጂ ሲፈልጉ ጥያቄዎን ለዚያ መምሪያ ያቅርቡ። ፖሊሱ ደረቱ ላይ የሚያደርገው ካሜራ የቀረጸው ቪዲዮ ከፖሊስ ይጠየቃል፤ ነገር ግን በስም «ቪዲዮ እፈልጋለሁ» ብለው ካልጻፉ ከሪፖርቱ ጋር አብሮ ይመጣል ብለው አይጠብቁ።

«ከወንጀል ነፃ» የሚለው ማስረጃም ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ለሌላ አገር ቪዛ ወይም ለጉዲፈቻ ሲጠየቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው በጣት አሻራ ከኤፍ ቢ አይ የሚገኘው ነው፤ ክፍያው 18 ዶላር ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ያዘዘዎትን ሰው «የትኛውን ነው የምትፈልጉት? ከየት የወጣ ይሁን?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁ። ይቺ ጥያቄ የወር ልፋት ታድናለች።

ስምዎ እንዴት ተጽፎ ይሆን?

ይህ የእኛው የሐበሾች ችግር ነው። መዝገብ ቤቱ «በዚህ ስም ምንም አላገኘንም» ቢል መዝገብ የለም ማለት ላይሆን ይችላል። ፀሐይ የምትባል እህት ስሟን አንዱ ፖሊስ በቲና በኤስ፣ ሌላው በኤስ ብቻ ጀምሮ ሊጽፈው ይችላል። ገብረ መድህን የሚለው ስም ለሁለት ተከፍሎ «መድህን» የቤተሰብ ስም ሆኖ ሊገባ ይችላል። የአባታችንን ስም ለእነሱ «ላስት ኔም» አድርገን ስለምንሰጥ ባል፣ ሚስትና ልጆች በአንድ ቤት እየኖሩ ሦስት ዓይነት የቤተሰብ ስም ይኖራቸዋል። ፖሊሱ ሚስቲቱን በባሏ አባት ስም መዝግቧት ሊሆን ይችላል። የትውልድ ቀንም በኢትዮጵያና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል ይምታታል፤ የብዙዎቻችን መታወቂያም ጃንዩወሪ 1 ይላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ኬዝ ነምበር የሚባለውን የጉዳይ ቁጥር ይያዙ። ፖሊሱ የሰጠዎትን ካርድ የዚያኑ ዕለት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ካርዱ ከጠፋ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አድራሻውንና የስምዎን የአጻጻፍ ዓይነቶች በሙሉ ዘርዝረው ይጻፉ። «ስሜ እንደዚህም፣ እንደዚህም ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ በሁሉም ፈልጉልኝ» ማለት የተለመደ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ሲጻፍ

በሲያትል ጥያቄው ከተማው ለዚሁ ባዘጋጀው ድረ ገጽ ይቀርባል። አጭርና ግልጽ ይሁን። በአማርኛ ስናስበው እንዲህ ያለ ነው፦

«በዋሽንግተን ስቴት የሕዝብ መዝገቦች ሕግ መሠረት የሚከተሉትን እጠይቃለሁ። የጉዳይ ቁጥሩ ይህ ነው። ድርጊቱ የተፈጸመው በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ገደማ፣ በዚህ አድራሻ ነው። የምፈልገው ዋናውን ሪፖርት፣ በኋላ የተጨመሩትን ጽሑፎች፣ ፎቶግራፎችና ፖሊሱ የቀረጸውን ቪዲዮ ነው። እኔ የድርጊቱ ተጎጂ ነኝ። በኤሌክትሮኒክስ ይላክልኝ።»

«ስለ እኔ ያላችሁን ሁሉ» ብሎ መጠየቅ ግን ሥራውን ያበዛል፤ መልሱንም ያዘገያል።

የጥያቄ ቁጥር ሲሰጥዎት ያስቀምጡት፤ ኢሜይልዎንም በየጊዜው ይመልከቱ። መሥሪያ ቤቱ ማብራሪያ ጠይቆ መልስ ካላገኘ ጥያቄውን ሊዘጋው ይችላል።

ቋንቋ ካስቸገረዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ። አማርኛ የሲያትል ከተማ ሰነዶቹን ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ነገር እንጨምር። ደብዳቤ ማስነበብና ስልክ ማስመለስ ልጆቻችን የለመዱት ሥራ ሆኗል። የተሰበረ መኪና ጉዳይ ከሆነ ምንም አይደለም። የቤት ውስጥ ጥቃት ሪፖርት ግን ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አይሰጥም። ልጁ ያን ሌሊት አልፎታል፤ እንደገና ቃል በቃል እንዲተረጉመው ማድረግ ሁለተኛ ጉዳት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ አስተርጓሚ፣ ጠበቃ ወይም የተጎጂዎች ረዳት ይፈለግ።

ክፍያና ጥቁር መስመር

መዝገቡን ቢሮ ሄዶ ማየት በነፃ ነው። ለቅጂ በስቴቱ ሕግ የተቀመጠው መደበኛ ዋጋ በወረቀት ሲሆን ለአንድ ገጽ 15 ሳንቲም፣ በስካን ሲሆን 10 ሳንቲም ነው። ከቪዲዮ ላይ የሌሎች ሰዎችን ፊት መሸፈን ወጪ አለው፤ በድርጊቱ ውስጥ በቀጥታ ያለ ሰውና ጠበቃው ግን ይህን የመሸፈኛ ወጪ እንዲከፍሉ አይገደዱም። «እኔ ተጎጂው ነኝ» ብለው መጻፍዎ እዚህም ይጠቅማል።

ሪፖርቱ ሲደርስዎ አንዳንድ መስመሮች በጥቁር ተሸፍነው ቢያዩ አይደንግጡ። የምስክሮች ማንነት ወይም የግል ቁጥሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ምርመራው ካልተጠናቀቀም ጉዳዩ እስኪያልቅ ሊዘገይ ይችላል። የተሸፈነው ወይም የተከለከለው አላግባብ ነው ብለው ካመኑ መሥሪያ ቤቱ ውሳኔውን እንደገና እንዲያይ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከዚያ ካለፈ ፍርድ ቤት መክሰስም ይቻላል፤ የጊዜ ገደቡ 1 ዓመት ነው።

ሌላም ምክር፦ አይዘግዩ። መዝገብ፣ በተለይም ቪዲዮ፣ ለዘላለም አይቀመጥም። በዋሽንግተን ሕግ ግን መዝገቡ ሊወገድ ተቃርቦ ሳለ ጥያቄ ከቀረበበት፣ ጥያቄው መልስ እስኪያገኝ ድረስ ሊያጠፉት አይችሉም። ስለዚህ ገና ጠበቃ ባይይዙም ጥያቄውን ቀድመው ያስገቡ።

ሌላውም ሰው መጠየቅ ይችላል

መብቱ የሁሉም ነው ማለት እርስዎን የጎዳው ሰውም መጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ሕይወት ያድናል። የዋሽንግተን ሕግ የተጎጂና የምስክር ማንነት ይፋ መውጣቱ ለሕይወት፣ ለአካል ወይም ለንብረት አደጋ የሚያመጣ ከሆነ እንዲሸፈን ይፈቅዳል። ከዚህም በላይ ተጎጂው አቤቱታውን በሚያቀርብበት ሰዓት ማንነቱ እንዲገለጽ ወይም እንዳይገለጽ ፍላጎቱን ከተናገረ፣ የሚሠራው የተናገረው ነው። ስለዚህ ፖሊሱ ቃልዎን ሲቀበል «ማንነቴ እንዲገለጽ አልፈልግም» ይበሉ፤ መጻፉንም ያረጋግጡ። ከአጥቂ ሸሽተው ቤት ለቀየሩ ሰዎችም ስቴቱ አድራሻን በምስጢር የሚይዝ ፕሮግራም አለው፤ ከ1991 ጀምሮ ይሠራል።

የኢሚግሬሽን ስጋት ላለባቸውም አንድ ቃል። በ2019 የወጣው የዋሽንግተን ሕግ ከወንጀል ምርመራ ጋር ካልተያያዘ በቀር የአካባቢ ፖሊስ የኢሚግሬሽን ሁኔታን እንዳይጠይቅ ይከለክላል። የወንጀል ተጎጂ ሆነው ዩ ቪዛ የሚያመለክቱ ከሆነ ግን ሪፖርቱ ብቻ አይበቃም። ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ የሚፈርመው ልዩ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ በስቴቱ ሕግ ለዚያ ጥያቄ በ90 ቀናት ውስጥ መልስ መሰጠት አለበት። ይህን ከጠበቃ ጋር ሆነው ያድርጉት።

በሌላ ከተማ ለምትኖሩ

ሐሳቡ አንድ ነው፤ ቀኑና ደንቡ ይለያያል። በዋሽንግተን ዲሲ ለመደበኛ ጥያቄ 15 የሥራ ቀናት ነው። በሜሪላንድ 30 ቀናት፣ በካሊፎርኒያ 10 ቀናት ነው። ቨርጂኒያ 5 የሥራ ቀናት ብትሰጥም መብቱን ለራሷ ነዋሪዎች ብቻ የምትሰጥ ስቴት ናት፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ይህን በ2013 አጽድቆላታል። በአሌክሳንድሪያ መኪናው የተሰበረበት የሜሪላንድ ነዋሪ ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። በእንግሊዝ ደግሞ ማንም ሰው ፖሊስ ስለ ራሱ የያዘውን መረጃ በነፃ መጠየቅ ይችላል፤ መልሱም በ1 ወር ውስጥ ይጠበቃል።

በዚህ ሳምንት ቤት ውስጥ የተቀመጠች የፖሊስ ካርድ ካለች ፈልገው ያውጧት። ቁጥሩን ፎቶ ያንሱ፤ የሚያስፈልግዎ ከሆነም ጥያቄውን ዛሬውኑ ይላኩ። ሪፖርቱ ሲመጣ ያንብቡት ወይም ያስነብቡት፤ ስም፣ ቀን ወይም የተናገሩት ቃል ተሳስቶ ከተጻፈ ተጨማሪ ቃል እንዲያያዝልዎ የጉዳይ ቁጥሩን ጠቅሰው ይጠይቁ። ከዓመት በኋላ ፍርድ ቤቱም ኢንሹራንሱም የሚያነቡት ያን ወረቀት ነው።