መሪውን አሠልጥኖ ቤቱን መርሳት

በየዓመቱ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ ብዙ ወጣት የቴአትር አዘጋጆች፣ ሠዓሊዎች፣ የሙዚየም ሠራተኞችና የፌስቲቫል አስተባባሪዎች ለአመራር ስልጠና ወደ አውሮፓና አሜሪካ ይሄዳሉ። ቅጽ ይሞላሉ፣ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ይደረግላቸዋል፣ ለቪዛ ደጅ ይጠናሉ። የተሳካላቸው ከሌላ አገር እኩዮቻቸው ጋር ሰንብተው ሰርተፊኬት ይዘው ይመለሳሉ። ስልጠናው ከንቱ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልልም። የምለው ሌላ ነው፦ አብዛኛው ስልጠና የሚለካው በሄደው ሰው ነው፤ መለካት የነበረበት ግን ሰውየው በተመለሰበት ቤት ነው። መሪ የሚመራው ነገር ያስፈልገዋል። ቴአትር ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ጋለሪ ወይም ፌስቲቫል ያልጠበቀው ወጣት የተማረውን የሚያውልበት የለውም።

ከእነዚህ ስልጠናዎች በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ ሲካሄድ የቆየው በኦስትሪያዋ ዛልትስቡርግ፣ ሽሎስ ሌዎፖልድስክሮን በሚባል ሐይቅ ዳር ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። አንድ ሊቀ ጳጳስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩትን ይህን ቤት እ.ኤ.አ. በ1918 የገዙት የቴአትር አዘጋጁ ማክስ ራይንሃርት ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የተጀመረውን የዛልትስቡርግ ፌስቲቫል ከመሠረቱትም አንዱ እሳቸው ናቸው። አይሁዳዊ በመሆናቸው ናዚዎች ቤቱን ወረሱባቸው፤ ራይንሃርትም ኒው ዮርክ ላይ በስደት አረፉ። ጦርነቱ ባለቀ በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ባለቤታቸው ሄለነ ቲሚግ ቤቱን ፈቀዱና ክሌመንስ ሄለር፣ ሪቻርድ ካምቤልና ስኮት ኤሌጅ የተባሉ ሦስት የሃርቫርድ ሰዎች ትናንት ጦር ሲማዘዙ ከነበሩ አገሮች ወደ መቶ የሚጠጉ ወጣቶችን ሰበሰቡበት። ከአስተማሪዎቹ መካከል አንትሮፖሎጂስቷ ማርጋሬት ሚድ ነበሩ። ጉባኤው ስድስት ሳምንት ቆየ።

ከዚያ ጅምር ያደገው ዛልትስቡርግ ግሎባል የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ለወጣት የባህል ፈጣሪዎች የተለየ መድረክ ከፈተ። በአንድ ዙር ሃምሳ ያህል ወጣቶች ይገናኙ ነበር፤ አብረው የሚቆዩት ግን አንድ ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። በሳምንት ሰው መተዋወቅና ሐሳብን አጥርቶ መናገር ይቻላል። በጀት መያዝ፣ ሠራተኛ ማስተዳደር፣ ደመወዝ ሲዘገይ ሰዎችን አረጋግቶ ማቆየት ግን በሳምንት የሚለመድ ሙያ አይደለም።

የዚህ መድረክ ትልቁ ብልሃት፣ በእኔ እምነት፣ ከመማሪያ ክፍሉ ይልቅ በምርጫው ላይ ነበር። ከአንድ ከተማ አንድ ጎበዝ ነጥሎ ከመውሰድ ይልቅ ከዲትሮይት፣ ከሜምፊስ፣ ከሴኡል፣ ከሮተርዳም፣ ከኬፕ ታውን በርከት በርከት አድርጎ ይጠራ ነበር፤ ስለዚህ ሲመለሱ አንዱ ለሌላው ጎረቤት ነበር። ዲትሮይት እንዴት እዚያ ዝርዝር ውስጥ ገባች ብሎ የጠየቀ ግን መልሱን ቅርብ ያገኘዋል፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ዲትሮይት ባለችበት በሚሺጋን ግዛት ያለው የክሬዝጊ ፋውንዴሽን ደግፏታል። ገንዘብ ያለው የአገር ልጅ ያላት ከተማ ወጣቶቿን ትልካለች፤ የሌላት ተሰጥኦ እያላት ትቀራለች። አዲስ አበባ ባለሀብት አላጣችም። ሆኖም ለሠርግ አዳራሽና ለፎቅ የሚወጣው ገንዘብ ወደ ኪነ ጥበብ ባለሙያ ስልጠና ሲዞር እምብዛም አይታይም።

ከዛልትስቡርጉ መድረክ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት የዋሽንግተኑ ኬኔዲ ማዕከል ፕሬዚዳንት የነበሩት ማይክል ካይዘር የዘረጉት መንገድ ነው። ሠልጣኙ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት፣ በየዓመቱ አንድ ወር ያህል ይማር ነበር፤ በመካከሉ ወደ ድርጅቱ ተመልሶ ይሠራል። የሞከረው ካልሠራለት በቀጣዩ ዓመት ይዞት ሊመጣና ሊጠይቅበት ይችል ነበር። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው የክሎር የባህል አመራር ፕሮግራም ደግሞ ሠልጣኙን በሌላ ተቋም ውስጥ አስገብቶ ያሠራ ነበር። በዚያ በኩል ያለፉት ማሪያ ባልሾ በማንቸስተር የዊትዎርዝ ጋለሪን መርተው እ.ኤ.አ. በ2017 የቴት ጋለሪዎች ዳይሬክተር ሆኑ። ችሎታቸውና ስልጠናው ብቻቸውን እዚያ አላደረሷቸውም፤ ዊትዎርዝም ቴትም ወንበርና በጀት ይዘው ቆመው ነበር።

ተመላሹን የሚጠብቅ ቤት መኖሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ሥዕል ተምረው ሲመለሱ የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሠረቱ፤ ጊዜው 1950 ዓ.ም. ነበር። ያ ትምህርት ቤት ደግሞ ለሌሎች ተመላሾች ቤት ሆነ፦ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመኗ ኮሎኝ፣ እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ ሲመለሱ እዚያ አስተማሩ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በዩኔስኮ የትምህርት ዕድል የለንደኑን ሮያል ኮርትና የፓሪሱን ኮሜዲ ፍራንሴዝ ከውስጥ አይተው መጥተው በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ኃላፊነት ተሰጣቸው። ከእነዚህ ሰዎች ማንም አመራር የሚል ሰርተፊኬት አልያዘም። የያዙት ሙያ ነበር፣ የቆዩትም ረዘም ላለ ጊዜ፤ ከሁሉም በላይ ሲመለሱ የሚገቡበት በር ነበረ፣ በሩ በሌለበት ደግሞ አለ ፈለገ ሰላም ራሳቸው ሠሩት።

ያን ዘመን ግን እንደ ገነት ማየት አይገባም። በሩ አንድ ብቻ ነበር፣ ቁልፉም በመንግሥት እጅ። እስክንድር ከአብዮቱ ቀደም ብለው አሜሪካ ተቀመጡ፤ ገብረ ክርስቶስ በደርግ ዘመን ተሰደው ኦክላሆማ ላይ አረፉ። የመማሪያ ክፍሉ ሲቀር ሌላ የሚያቆያቸው ቤት አልነበረም። ዛሬም ብሔራዊ፣ ሀገር ፍቅርና ራስ ቴአትር የመንግሥት ናቸው፤ ኃላፊዎቻቸው ይሾማሉ። ከውጭ ስልጠና የተመለሰ ወጣት እዚያ ውስጥ ቦታ የሚያገኝበት የታወቀ አሠራር የለም፤ ስለዚህ ወይ በግሉ ይጀምራል፣ ወይ ቀጣዩን ፌሎሺፕ ይፈልጋል። ከስልጠና ወደ ስልጠና የሚዞሩ ጎበዝ ወጣቶችን መውቀስ አልችልም፤ መኖሪያ የሚያገኙት ከዚያ ነው።

በግሉ ከጀመሩት መካከል መላኩ በላይን ላንሣ። ካዛንቺስ ፈንድቃ በሚባለው አዝማሪ ቤት ለሽልማት እየጨፈረ የኖረ ተወዛዋዥ ነው። ኋላ ቤቱን ራሱ ይዞ ጋለሪ ጨመረበት፣ ኢትዮከለር የተባለ ቡድን መሥርቶ በዓለም መድረኮች ዞረ፤ የፈረንሳይ መንግሥትም የኪነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ ኒሻን ሸለመው። እንግሊዝኛ ቅጽ አሳምሮ መሙላትን የሚያስቀድም ምርጫ በአዝማሪ ቤት ወለል ላይ የሚጨፍር ወጣትን በጊዜው ሊያየው ይችል ነበር ወይ? እጠራጠራለሁ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንድቃም ከነበረበት ተነሣ። ያን ያህል የሠራ ሰው እንኳ የቆመበትን መሬት ማቆየት ካልቻለ፣ ለባህል መሪዎች ከራእይና ከተግባቦት ትምህርት በፊት የሊዝ ሕግ፣ የኪራይ ውልና የማኅበር አደረጃጀት ሊሰጣቸው ይገባል። እስካሁን ባየኋቸው የስልጠና መርሐ ግብሮች ውስጥ ይህ ብዙም ቦታ የለውም።

ስለዚህ ለሁለት ወገን አንድ አንድ ነገር እለምናለሁ። ለጋሾች ሆይ፣ ለአንድ ሳምንት አውሮፕላንና ሆቴል ከምታወጡት ላይ ከፍላችሁ ለተመላሹ ቤት የአንድ ዓመት ኪራይና የአንድ ረዳት ደመወዝ አስቀሩለት። የቴአትርና የሙዚየም ኃላፊዎች ደግሞ፣ ለወጣቱ የድጋፍ ደብዳቤ ስትጽፉ፣ ሲመለስ የሚይዘውን የሥራ መደብ እዚያው ደብዳቤ ላይ ጽፋችሁ ፈርሙበት።