መሪ መምህር ከጥቁር ሰሌዳው አይራቅ

ትምህርት የአገር መሠረት መሆኑን የማያምን የለም። መሠረቱን የሚጥለው መምህር መሆኑን ግን ዘወትር እንዘነጋለን። በተለይ በሒሳብና በሳይንስ አንድ ጊዜ የተጣመመ መሠረት ኋላ ቤቱን ሁሉ ያዘምማልና፥ ስለ እነዚህ ትምህርቶች መምህራን ጥቂት ለመናገር ብዕሬን አንሥቻለሁ።

በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቍጥሩ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ አለ። መሻሻሉ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከመቶው ተማሪ ከዘጠና የሚበልጠው ግማሹን ነጥብ ሳያገኝ ሲቀር፥ ተማሪውን ብቻ ሰነፍ ብሎ ማለፍ አይገባም።

የአዲስ አበባን ክፍል እንመልከት። በእኔ ክፍል ስልሳ ያህል ተማሪዎች አለን። አንዱ በቤቱ ኦሮምኛ፥ ሌላው ጉራጊኛ፥ ሌላው አማርኛ ይናገራል፤ ሒሳብና ሳይንስ ግን ሁላችንም የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። አንዱን በቤቱ አስጠኚ ይጠብቀዋል፤ ሌላው ሊስትሮ ሲሠራ ያመሻል። ለእነዚህ ሁሉ አንድን ትምህርት ማዳረስ ከዲግሪ ሌላ ብልኃት ይጠይቃል።

አሥረኛ ክፍል ሳለን ይህ ብልኃት ያላቸው የፊዚክስ መምህር ነበሩን። ስለ ኃይልና ስለ ፍጥነት መጨመር ሲያስተምሩ ከመጽሐፉ አልጀመሩም። «መርካቶ ውስጥ ባዶ ጋሪና ጤፍ የተጫነ ጋሪ በእኩል ጕልበት ብትገፉ የትኛው ቶሎ ይፈጥናል?» ብለው ጠየቁን። ከኋላ የሚቀመጥ፥ ድምፁን ሰምተነው የማናውቀው ልጅ እጁን አወጣ፤ አባቱ ጋሪ ገፊ ናቸውና። ከዚያን ቀን ጀምሮ የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ከአእምሯችን አልጠፋም።

በዓመቱ እኒህ መምህር ስለ ጉብዝናቸው ዕድገት ተሰጥቷቸው ወደ ጽሕፈት ቤት ተዛወሩ። እርሳቸው ሹመት አገኙ፤ እኛ ግን መምህር አጣን። የተተኩት ወጣት መምህር ትምህርታቸውን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ነገር ግን ስልሳ ልጅ እንዴት እንደሚያዝ ያሳያቸው ሰው አልነበረምና፥ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ይጽፉ ጀመር፤ የእኛም ሥራ መገልበጥ ሆነ። አንድ ቀን የቀድሞው መምህራችን ለጉዳይ መጥተው ሁለቱ በረንዳው ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ሲነጋገሩ አየሁ። በማግሥቱ ወጣቱ መምህር ጎኑ ከላይና ከታች የተበሳ ጣሳ ይዘው ገቡ። ውኃ ሊሞሉበት ሲሉ «ከየትኛው ቀዳዳ በርትቶ የሚወጣ ይመስላችኋል?» አሉን። ክፍሉ በክርክር ተናወጠ። የሩብ ሰዓት ምክር ይህን ካደረገ፥ በየሳምንቱ ቢሆን ምን ባደረገ ነበር?

በአገራችን የመምህራን የደረጃ ዕድገት ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ «መሪ መምህር» ወደሚባል ደረጃም ያደርሳል። ስሙ ያማረ ነው፤ ነገር ግን መሪ የሚባለው ተከታይ ሲኖረው ነው። እንግዲህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። የሒሳብና የሳይንስ መሪ መምህር ግማሽ ክፍለ ጊዜው ይቀነስለትና በቀረው ሰዓት ወጣቶቹ መምህራን ሲያስተምሩ ገብቶ ይመልከት፤ ተማሪዎች የሚሳሳቱበትን አብሯቸው ይመርምር፤ የሚቀጥለውን ትምህርት አብሯቸው ያዘጋጅ። በጃፓን አገር መምህራን አንድን ትምህርት በኅብረት አዘጋጅተው፥ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ተቀምጠው ይመለከታሉ፤ ኋላም ይወያዩበታል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሰዓት ግን ይጠይቃል።

«ታዲያ ጎበዝ መምህር ዕድሜውን ሙሉ ከጠመኔ ጋር ይኑር ማለትህ ነውን?» የሚለኝ አይጠፋም። መምህርም ቤተሰብ አለው፤ የቤት ኪራይ ይከፍላል። ስለዚህ ክብሩና ደመወዙ ከጽሕፈት ቤት ሹም እኩል ይሁንለት፤ ከክፍሉ ግን አይራቅ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የወጣት መምህር ሸክምም እንዲሁ ነው።

እኔና ጓደኞቼ በዚህ ዓመት ትምህርት ቤታችንን እንሰናበታለን። ከእኛም መካከል መምህር የሚሆን ይኖራል። በመጀመሪያው ቀን ጠመኔ ይዞ በስልሳ ልጆች ፊት ሲቆም፥ ከኋላ ወንበር ላይ አንድ መሪ መምህር ተቀምጦ ያግኝ። ለእርሱም፥ ለሚማሩት ታናናሾቻችንም የምመኘው ይህንኑ ነው።